ቁም ሳጥን ውስጥ ያለው ማነው

አስፈሪ ፊልም እጽፋለሁ፤ አስፈሪ ፊልም ግን አላይም። የራሴ ፊልም ሲመረቅ እንኳ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጬ የማየው ጫማዬን ነው። ከኋላዬ ሰው ሲጮህ በልቤ «እሰይ» እላለሁ፤ ቀና ብዬ ምን እንዳስጮኸው ግን አላጣራም። የጻፍኩት እኔው ነኝ፣ ምን እንደሚመጣም አውቃለሁ፤ ማወቄ ግን ምንም አይረዳኝም።

ፈሪ ሰው እንዴት አስፈሪ ነገር ይጽፋል ይሉኛል። ታዲያ ማን ይጻፈው? ደፋር ሰው ኮሽታ ሲሰማ ተነስቶ መስኮቱን ይዘጋና ይተኛል፤ ፊልሙም እዚያው ያልቃል። እኔ ግን መስኮቱን ማን እንደከፈተው፣ ከከፈተ በኋላ የት እንደተቀመጠ፣ ስንት ቁጥር ጫማ እንደሚያደርግ ሳሰላስል ይነጋል። ጠዋት የሚቀረኝ መተየብ ብቻ ነው። ደም አላበዛም። ደም ርካሽ ነገር ነው፤ ሜካፕ ሠሪዋ በባልዲ በጥብጣ ታመጣዋለች። አስፈሪ ፊልም ውስጥ ያሉ ሰዎችም ያበሽቁኛል። መብራት የሚባል ነገር አልተፈጠረላቸውም። ጭራቅ ያለበት ቤት ሰተት ብለው ገብተው «ማን አለ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ «እኔ አለሁ፣ ግቡ» የሚላቸው ይመስል።

አንድ የአሠራር ልማድ አለኝ፦ ራሴ ያልሞከርኩትን አልጽፍም። ገጸ ባሕሪዬ አልጋ ስር የምትደበቅ ከሆነ መጀመሪያ የምገባው እኔ ነኝ። እዚያ ተኝቶ ምን እንደሚሰማ፣ የትኛው ጎን ቀድሞ እንደሚደነዝዝ ማወቅ አለብኝ። አባቴ ካረፈ ወዲህ የምንኖረው እናቴና እኔ ብቻ ስለሆንን የሚታዘበኝ የለም። እናቴ እንደሆነች ለምዳዋለች፤ አልጋ ስር ስታገኘኝ «እግርሽን ሰብሰብ አድርጊ» ብላ ዙሪያዬን ትወለውላለች።

ያን ሰሞን እናቴ መነጽር ሠሪው ጋ መመላለስ አብዝታ ነበር። ዓይኗ እንደዚያ ቶሎ ቶሎ የሚደክም ሰው በሕይወቴ አላየሁም። አንዴ ፍሬሙ ጠበቀኝ፣ አንዴ ላላብኝ፣ አንዴ ደግሞ መጥረጊያ ጨርቁ ጠፋብኝ ትላለች፤ በሄደች ቁጥር ፀጉሯን ተሠርታ። ነገሩ አልጠፋኝም። ሰውዬው ሚስቱ የሞተችበት፣ ሲስቅ ትከሻው የሚነቃነቅ ትልቅ ሰው ነው። ማታ ማታ እናቴ «አንድ ነገር ላጫውትሽ» ብላ ስትጀምር ወይ «ይሄን ስክሪፕት ልጨርስ» እላታለሁ፣ ወይ «ዛሬስ ግራ ዓይንሽን ነው ቀኝ ዓይንሽን ያየልሽ?» እላትና ሁለታችንም እንስቃለን። ብቻዬን በዚያ ቤት ማደር እፈራ ነበር። እናቴ እንዳትሄድብኝ እፈራ ነበር። ስለዚህ ወሬው እንዲጀመር አልፈለግኩም።

አንድ ቀን ከሰዓት ዳይሬክተሩ ደወለ። ቤት ውስጥ እራት እየበላም ሰው ስለሚያቋርጥ፣ ቀረጻ በሚያስቆምባት ቃል «ካት» እያልን ነው የምንጠራው።

«የቁም ሳጥኗ ትዕይንት አልሠራችም» አለኝ።

«ምኗ ነው ያል...»

«ሴትዮዋ ቁም ሳጥን ውስጥ ተደብቃም አትፈራም። እንደ ደራሲ ነው የምታስበው። እንደገና ጻፊያት።»

ስልኩን ዘጋው። ልክ ነበር፤ ያቺን ትዕይንት ሳልሞክራት ነው የጻፍኳት። የእኔ ቁም ሳጥን በመጽሐፍና በፕላስቲክ እጅ ስለተሞላ ሰው አይዝም። እናቴ ከአክስቴ ጋር ገበያ ወጥታለች። ወደ ክፍሏ ሄድኩና ቁም ሳጥኗ ውስጥ ገብቼ በሩን ሳብኩት።

መጀመሪያ የናፍታሊኑ ሽታ ነው የመጣብኝ። ከዚያ አንድ ነገር ገረመኝ፦ ቦታው ሰፊ ነው። እናቴ ልብስ የማትጥል ሰው ናት፤ ቁም ሳጥኗ ሁልጊዜ ሊፈነዳ የደረሰ ነው። በእጄ ስዳብስ ባዶ መስቀያዎች እርስ በርሳቸው ተንኳኩ። ከበሩ አጠገብ የሚሰቀለው ሰማያዊ ቀሚሷ የለም። የክት ካፖርቷም የለም። እግሬ ስር ደግሞ ጠጠር ያለ ነገር አለ፤ ጎንበስ ብዬ ነካሁት። ሻንጣ ነው፣ እስከ አፉ የሞላ። ጭራቅ ያየሁ ያህል ደነገጥኩ።

ይሄኔ የውጭው በር ተከፈተ። እናቴና አክስቴ እያወሩ ቀጥታ ወደ መኝታ ቤቱ መጡ።

«ታዲያ እስካሁን አልነገርሻትም?» አለች አክስቴ፤ የእናቴ ታናሽ ናት።

«እንዴት ብዬ?»

«እትዬ፣ ሰውየው እኮ ሱቁን ወንድሙ ወዳለበት ከተማ ሊያዛውር ነው። እስከ መቼ ይጠብቅሻል?»

«አይጠብቅም። ነገ መልሴን ይፈልጋል።» አልጋው ሲጥጥ አለ፣ ተቀመጠች መሰለኝ። «አይሆንም ልለው ነው። ልብሱንም መልሼ እሰቅላለሁ።»

«በልጅሽ የተነሳ?»

«እፈራታለሁ።»

«ትቆጣለች ብለሽ ነው?»

«ብትቆጣማ በስንት ጣዕሙ። አትቆጣም፤ ትቀልዳለች። በእሱ፣ በመነጽሩ፣ በዕድሜዬ አንድ ቀልድ ትቀልዳለች። ቀልዷ ደግሞ ያስቃል። እኔም እስቃለሁ። አንዴ ከሳቅኩ በኋላ ደግሜ ማንሳት አልችልም፣ ያሳፍረኛል። ስንት ጊዜ ሞከርኩ መሰለሽ?»

እኔ በጨለማው ውስጥ ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ቁም ሳጥን ውስጥ የሚደበቀው ፈሪው ሰው ነው ብዬ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ለካ እዚህ ቤት አስፈሪዋ እኔ ነኝ።

«በይ አሁን ውጪ» አለች እናቴ። «ናፍታሊኑ ያፍንሻል።»

አክስቴ ለማን እንደተነገረ ሳይገባት በሩን ስከፍት ዘላ አልጋው ላይ ወጣች፤ አንድ ጫማዋን አውልቃ ልትወረውርብኝ ነበር። እናቴ ንቅንቅ አላለችም።

«በምን አወቅሽ?» አልኳት።

«የቀሚስሽ ጫፍ በሩ መሃል ተይዟል። ከመኝታ ቤቱ በር ላይ ሆኜ ነው ያየሁት።»

«አውቀሽ ነዋ ያን ሁሉ ያወራሽው?»

«ምን ላድርግ? ፊት ለፊት ስነግርሽ አታስጨርሺኝም። እዚያ ውስጥ ሆነሽ ግን ዝም ማለት ግድሽ ነው።»

ይህን ብላ ከአልጋው ተነስታ ቆመች። እጆቿን አጣምራለች። ዓይኗን ከአፌ ላይ አላነሳችም። ካት ተዋንያኑን ይህን ፊት እንዲያሳዩት ስንት ጊዜ ሲያስደግማቸው አይቻለሁ፣ አንዷም ሆኖላት አያውቅም። እናቴ ቀልዱን እየጠበቀች ነበር።

ቀልዱ ደግሞ መጥቶልኛል። ስለ መነጽሩና ስለ ቀሚሴ ጫፍ ነው፣ አክስቴን ከነጫማዋ ከአልጋ የሚያወርድ። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩትም፤ ይሄ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም።

«ሰውዬው ደግ ነው?» አልኳት።

ከጥያቄው ኋላ ቀልድ ይከተል እንደሆነ ለማወቅ ትንሽ ጠበቀች።

«ደግ ነው» አለች በመጨረሻ። «ሳወራ ያስጨርሰኛል።»

እንባዬ መጣ፤ አልደበቅኩትም። ጎንበስ ብዬ ሻንጣውን ከቁም ሳጥኑ ጎትቼ አወጣሁና እግሯ ስር አስቀመጥኩላት።

«ልብሱን መልሰሽ እንዳትሰቅይ» አልኳት። «ብቻዬን እፈራለሁ፤ ብፈራም እለምደዋለሁ። አሁን ተቀመጪና ንገሪኝ፣ ከመጀመሪያው።»

አክስቴ ከአልጋው ወርዳ ቦታ ለቀቀችልን። እናቴ መነጽር ልታስለካ መጀመሪያ ከሄደችበት ቀን ጀመረች። መሃል ላይ ሁለት ሦስቴ ቆም እያለች አየችኝ፤ እንደማላቋርጣት ስታረጋግጥ ቀጠለች።