የሐሙስ ድምፅ

«እማዬ፣ ማክሰኞ ነው። ኪኒንሽን።»

ድምፁ የወጣው በነጠላ ከተሸፈነው ቴሌቪዥን ውስጥ ነው። ድምፁ የመሐሪ ነው። መሐሪ ደግሞ ትናንት፣ ሰኞ በስምንት ሰዓት፣ ተቀብሯል።

ፍራሽ ላይ የተደረደሩት ሴቶች ወሬያቸው አፋቸው ላይ ቀረ። ንፍሮ የምታዞረው ጎረቤት ቲጂ ሰሃኑን እንደያዘች ደርቃ ቆመች። የሟች አክስት እትዬ ሰብሊ «በስመ አብ!» ብለው ግድግዳው ላይ ተለጠፉ። የሟች እናት ወይዘሮ ምንትዋብ ብቻ አልደነገጡም። ጥቁር ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ፣ ከመደርደሪያው ኪኒናቸውን አወጡ፣ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ዋጡት።

«ዋጥሽ?» አለ ድምፁ።

«ዋጥኩ፣ ልጄ።»

ትንሽ ዝም ብሎ «ጎበዝ» አለ፤ ከዚያ ጠፋ።

የመሐሪ ታናሽ እህት ዳናይት ፀጉሯ ቆመ። ግን እውነቱን ለመናገር ከፍርሃቱ ሥር አንድ እፎይታ ነበር። እናቷ የደም ብዛት አለባቸው፤ ሐኪሙ ኪኒኑ አንድ ቀን እንኳ እንዳይዘለል አስጠንቅቋል። ትናንት ከቀብር መልስ በእጇ ስትሰጣቸው ግን «ለማን ብዬ?» ብለው ተፍተውባታል። ከዚህ የሰሚት ኮንዶሚኒየም ደረጃ በአንድ ሳምንት ሁለት ሬሳ ሊወርድ ነው ብላ ስትባንን ነው ያደረችው። ይኸው ለእሷ እምቢ ያሉት ሴት ለሟቹ ታዘዙ።

ጎንበስ ብላ የነጠላውን ጫፍ ገለጠች። ከቴሌቪዥኑ ሥር አሮጌው ፕሌይስቴሽን ቱ ተቀምጧል፤ አረንጓዴ መብራቱ በርቷል። የዕድሩ ሴቶች በለቅሶ ቤት ቴሌቪዥን አይከፈትም ብለው የሸፈኑት እሑድ ነው። ስክሪኑ ጥቁር ስለሆነ የጠፋ መሰላቸው። አልብሰውት ሄዱ እንጂ ማንም አላጠፋውም። ሰኞ ጠዋትም ተናግሮ ከሆነ በለቅሶው ጩኸት የሰማው የለም።

መሐሪ ጉርድ ሾላ ጌም ቤት ነበረው። ሰው ሁሉ አዲስ አዲሱን ሲያሳድድ እሱ ከሃያ ዓመት በላይ የሆናቸውን ፕሌይስቴሽኖች እየሰበሰበ ነፍስ ይዘራባቸዋል። «የሁሉም የሲዲ ማንበቢያ ዓይን ታውሯል» ይል ነበር፤ «ስለዚህ ሲዲውን እንርሳው። ዋናው ጥያቄ ዕቃውን የት ነው የምታስቀምጪለት? ነው።» ከዚያ ዳናይት ሳትጠይቀው ያስተምራታል። ሚሞሪ ካርድ ትንሽ ነው፣ ግን ታማኝ ነው፤ ማስነሻ ፕሮግራሙ እዚያ ይቀመጣል። ፍላሽ ርካሽ ነው፣ ይንቀራፈፋል፣ አንድ ቀን ሳይናገር ይከዳሻል። ሃርድ ዲስክ ግን ቤት እንደ መሥራት ነው። ዳናይት በጆሮዋ አስገብታ በሌላው ታስወጣው ነበር። ፋብሪካው ያላሰበውን ፕሮግራም ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጽፋል፤ እናቷ ደግሞ «ልጄ ከማሽን ጋር ያወራል» እያሉ ለጎረቤት ያሙታል። ለእሳቸው የሚያወራ ማሽን እንደሠራላቸው ግን ለማንም፣ ለብቻዋ ለምትኖረው ለዳናይት እንኳ፣ አልተነፈሱም።

ረቡዕ ሠልስት ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ድምፁ ትናንት የተሰማበት ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ሴቶቹ ተቀምጠው ዓይናቸውን ነጠላው ላይ ተከሉ። የመጡት ለማጽናናት ይሁን ለማዳመጥ እነሱም አያውቁትም።

«እማዬ፣ ረቡዕ ነው። ጾም ነው ብለሽ እንዳትተዪው። ደሞ ምን ያስቅሻል?»

ቤቱ ውስጥ የሚስቅ ሰው አልነበረም። አንዷ ሴት ተነሥታ ጫማዋን እንኳ በቅጡ ሳታደርግ ወጣች።

«በይ እ... እ... እ... እ...»

ድምፁ አንድ ቦታ ተቸክሎ እንደ ሳግ ይመላለስ ጀመር። ወይዘሮ ምንትዋብ ኪኒኑን በመዳፋቸው፣ ውሃውን በሌላ እጃቸው ይዘው ጠበቁት። በመጨረሻ «ዋጥሽ?» ሲል ዋጡ። «ጎበዝ» የሚለው ግን አልመጣም። ብርጭቆውን ይዘው ብዙ ቆሙ።

እትዬ ሰብሊ ዳናይትን ወደ ጓዳ ጎተቷት። «ነቅላችሁ ጣሉልኝ! ነፍሱ ታርፍ እንጂ! የንስሐ አባታችንን ጠርቼ ጸበል አስረጫለሁ።»

«እትዬ፣ እሱ ካልተናገረ እማዬ አትውጥም። ሰኞ ዕለት እኮ ፊቴ ላይ ተፋችው። ከሞተች በኋላ ጸበሉ ምን ያደርግላታል?»

ዳናይት ወደ ድንኳኑ ወርዳ የመሐሪን የጌም ቤት ሸሪክ አብኔዘርን ጠራችው። አብኔዘር ጭንቅላቱን ነጠላው ውስጥ ከትቶ ቆየ፤ ሲወጣ ላብ አጥምቆታል።

«ማስነሻዋ ሚሞሪ ካርዱ ላይ ናት፤ እሷ ሰላም ናት» አለ በሹክሹክታ። «ድምፆቹ ግን ለካርዱ ስለሚበዙ ፍላሽ ላይ ነው የጫናቸው። ለሰባቱ ቀን ሰባት ድምፅ። ፍላሹ ደግሞ እሳት ሆኗል። እየሞተ ነው ዳኒ... ሶሪ፣ እየተበላሸ ነው።»

«ምን ይሻላል?»

«ሃርድ ዲስክ። ገዝቶ እኔ ጋ አስቀምጦት ነበር።» አብኔዘር አንገቱን ደፋ። «እሑድ መጥቼ እወስደዋለሁ ብሎኝ ነበር።»

መሐሪን መኪና የገጨው እሑድ ጠዋት፣ ወደ ጉርድ ሾላ ታክሲ ሊይዝ ሲሻገር ነው።

«ስትነቅለው ቢጠፋስ?» አለች ዳናይት።

«ሊጠፋ ይችላል። ካልነቀልኩት ግን በእርግጠኝነት ይጠፋል።»

ንቀለው አለችው። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ወንድሟን ዳግመኛ የምትቀብረው መሰላት።

አብኔዘር ፍላሹን ይዞ ሄዶ በአሥራ አንድ ሰዓት ተመለሰ። ሃርድ ዲስኩን ከማሽኑ ኋላ ገጠመ፣ አረንጓዴውን አበራ፣ ግን ዳናይትን ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

«አምስቱ ተርፈዋል። ቅዳሜና ሐሙስ የሉም፤ አንድ ትንፋሽ እንኳ አልተገኘም።»

«ነገ ሐሙስ ነው እኮ!»

«የዓርቡን በሐሙስ ቦታ ልገልብጠው?»

ዳናይት አሰበችው። «ተወው» አለች መጨረሻ ላይ። «በልጇ ድምፅ አልዋሻትም።»

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ሲቃረብ እናቷ ተነሥተው ኪኒናቸውን በመዳፋቸው ያዙ። ዳናይት ከኋላቸው ቆመች። ካልዋጡ እግራቸው ላይ ወድቃ ልትለምናቸው ነው። ከሌሊት ጀምራ ቃላቱን ስታደራጅ ብታድርም አሁን አንዱም ትዝ አላላትም።

ሦስት ሰዓት ሞላ። ቴሌቪዥኑ ዝም አለ።

«እማዬ...» ብላ ስትጀምር ወይዘሮ ምንትዋብ ወደ ኋላ ሳይዞሩ ጣታቸውን አንሥተው ዝም አሰኟት። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ቆዩ። ቲጂ ወደ ዳናይት ተጠጋች። ከድንኳኑ የወንዶች ሳል ብቻ ይሰማል።

«አይ፣ ቡናውን ያለ ስኳር ነው የጠጣሁት» አሉ ወይዘሮ ምንትዋብ፣ ተጠይቆ እንደሚመልስ ሰው። ኪኒኑን አፋቸው ውስጥ አድርገው ውሃውን ጠጡ። «ዋጥኩ፣ ልጄ።»

እንደገና ጠበቁ፤ «ጎበዝ» ለማለት የሚበቃ ያህል። ከዚያ ፊታቸው ፈታ አለ።

«ሰማሽ?» አለች ቲጂ የዳናይትን ክንድ ጨምድዳ።

ዳናይት ምንም አልሰማችም። መሐሪ በሐሙስ ምን ብሎ ይጠይቅ እንደነበረ ከእንግዲህ የሚያውቁት እናቷ ብቻ ናቸው። ልትጠይቃቸው ፈለገች፤ አልደፈረችም። እንባዋ ግን ሳታስበው ወረደ።

ወይዘሮ ምንትዋብ ብርጭቆውን አስቀምጠው ወደ ቴሌቪዥኑ ቀረቡ። ነጠላው በአንድ ጎን ተንሸራትቶ ነበር። ጫፉን ይዘው፣ ተኝቶ የተገለጠ ልጅ እንደሚያለብሱ፣ ቀስ ብለው አስተካከሉት። ድምፅ የሚወጣበትን በኩል ግን ገለጥ አድርገው ተዉት።