የእትዬ በለጡ ምስክርነት

ነስሮ ስለ ኢንሳን ካሚል፣ ስለ ተሟላው ሰው፣ የተማረውን ሁሉ ለመምህሩ ዘረዘረ። ከቢር ሐምዛ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡት። አሁን የቀረው ልጆችን ለማስተማር የሚያስፈቅደው ኢጃዛ ብቻ ነበር፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የጓጓውም ለእሱ ነው።

«ማሻአላህ» አሉ ከቢር። «በል አሁን አስቀይመኸው የምታውቀውን ሰው አምጣልኝ። ይመስክርልህ።»

«ያስቀየምኩትን?»

«ወዳጅህማ መች ያማሃል?»

ነስሮ ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም ወደሚሸጡት ጎረቤቱ፣ ወደ እትዬ በለጡ ሄደ። በረመዳን መግቢያ አብሽ ሲገዛ፣ «ሚዛንዎ ያጎድላል!» ብሎ ጮኾባቸው ነበር። ቤት ወስዶ ቢመዝነው ልክ ሆኖ አገኘው። ያንኑ ዕለት ቤታቸው ሄዶ ይቅርታ ጠየቃቸው፤ እሳቸውም ይቅር አሉት።

«እኔ ክርስቲያኗ ሼኪው ፊት ልመስክርልህ?» ብለው ሳቁ።

«ከቢር ነው የምንላቸው።»

«ይሁና! ብቻ አልዋሽልህም።»

ከቢር ቤት ሲደርሱ፣ ከቢር ለእትዬ በለጡ ሻይ አስቀርበው ስለ ነስሮ ጠየቋቸው።

«ሰላም ሳይለኝ አያልፍም» አሉ እትዬ በለጡ። «ታምሜም ሐኪም ቤት ወስዶኛል።»

«ቅር ያለዎት ነገርስ?»

ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «የሰደበኝ ገበያ መሃል ነው። ይቅርታ የጠየቀኝ ግን ጓዳዬ ገብቶ ነው። ስድቡን የሰማ ሰው ይቅርታውን አልሰማም። ዛሬም የማይገዙኝ አሉ።»

ነስሮ መሬት መሬቱን አየ። ይህ አንድም ቀን ታስቦት አያውቅም። ከቢርም ስለ ኢጃዛው ምንም ሳይሉ አሰናበቷቸው።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር፤ ገበያው ሞልቷል። ነስሮ ከእትዬ በለጡ መደብ ፊት ቆመ።

«ጀማዓ! በረመዳን መግቢያ የእትዬ በለጡ ሚዛን ያጎድላል ብዬ ነበር። ሚዛኑ ልክ ነው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«ዋጋ ሊያስቀንስ ነው!» አለች ዋፊቃ የምትባል ሽንኩርት ሻጭ፤ ሰዉ ሳቀ። የነስሮ ጆሮ ቀላ። ቢሆንም ከበስተኋላ ላሉት ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመላቸው።

«በቃህ፣ መንገድ ዘጋህብኝ» አሉ እትዬ በለጡ። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፉ። «ዋፊቃ፣ ዕቃዬን እይልኝማ።»

«ወዴት ሊሄዱ ነው?» አለ ነስሮ።

«ከቢር ጋ ነዋ! የትናንቱ ምስክርነቴ ጎደሎ ነው።»

«ዛሬ እኮ ገበያ ነው፤ ነገ ይደርሳል።»

«ነገማ እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያን ነኝ። በል ቅደም።»