አማቴ ስልኩን የዘጉ ቀን

አማቴን ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ ሃሎ» ነው የሚላቸው። ዕድሜያቸውን የፈጁት በስልክ ኦፕሬተርነት ነው፤ ጡረታ ከወጡም በኋላ በር ሲንኳኳ «ሃሎ» ስለሚሉ ስሙ ተጣብቆባቸው ቀረ። እኔ ቁጡ ሴት ነኝ፣ አልደብቅም። እሳቸው ዝግ ባሉ ቁጥር የእኔ ደም ይፈላል። እሳትና ውሃ ሆነን ነው አንድ ቤት የምንኖረው፤ ያም ሆኖ እሳቸውን የሚያማብኝ ሰው ወዮለት።

የዚያን ቀን ጠዋት እኔ የሰው ጃኬት እሰፋለሁ፣ እሳቸው ቁልፍ ይተክላሉ። ስልኬ ጠራ። ስሰፋ እጄ ስለማይመቸኝ ሁሌም ስፒከር ላይ ነው የማደርገው። አንድ ረጋ ያለ ሰውዬ ባሌን ከነአባቱ ስም ጠርቶ «ባለቤቱ ነሽ፣ እህቴ?» አለኝ። ነኝ አልኩት። ሐኪም እንደሆነ፣ ከትልቁ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል እንደሚደውል፣ ባሌ የሚነዳው ቀዩ የጭነት መኪና እንደተገለበጠና እሱም ብዙ ደም እንደፈሰሰው ነገረኝ። «ለቀዶ ጥገናው አሁኑኑ ክፍያ ያስፈልጋል። የምነግርሽ ቁጥር ላይ በስልክሽ አስገቢ። እስክትጨርሺ መስመሩን እንዳትዘጊ፤ ከዘጋሽ ተራው ለሌላ በሽተኛ ያልፋል» አለ።

አዲስ የስፌት መኪና ለመግዛት ያጠራቀምነው ነበረን። ገንዘብ ገደል ይግባ ብዬ ቁጥሩን መጻፍ ጀመርኩ። አማቴ መርፌያቸውን ጃኬቱ ላይ ሰክተው ተነሱ፤ ስልኩን ከእጄ ወስደው «ዶክተር፣ እናቱ ነኝ፤ መልሰን እንደውላለን» አሉት።

«እናቴ፣ ከዘጉት ልጅዎ ይሞታል» አለ ሰውዬው።

ዘጉት።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያን ሰዓት ብገፈትራቸው ደስ ባለኝ። «የእርስዎ ልጅ ነው እኮ የሚሞተው፤ ምን ዓይነት አንጀት ነው ያለዎት?» ብዬ ጮኽኩባቸው።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኛ ጋ ፖሊስ ነኝ፣ ኃላፊ ነኝ የሚል ደዋይ ሞልቶ ነበር። ሥራችን እንዲህ ነበር፤ አስቸኳይ ነው ያለሽን ሰው ዘግተሽ መልሰሽ ትደውያለሽ። እሱ በሰጠሽ ቁጥር አይደለም፣ አንቺ በምታውቂው ነው። እውነተኛ ከሆነ እዚያው ታገኚዋለሽ። እንዳትዘጊ የሚልሽን ደግሞ ቶሎ ዝጊው።»

ባሌ ጋ ደወሉ። ስልኩ ጠፍቷል። እሱ ደግሞ በሥራ ሰዓት ስልኩን አጥፍቶ አያውቅም። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። «ይኸው፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ?» አልኳቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ፣ ግን ስልኩን አልሰጡኝም። ያ ሰውዬ ዐይኑን በጨው አጥቦ መልሶ ደወለ፤ አላነሱለትም። «እየደከመ ነው፣ በናትሽ ፍጠኚ» የሚል መልእክት ላከ። ቅቤ ምላስ! እኔ ግን ያኔ መልአክ መስሎኛል። ልነጥቃቸው ብድግ ስል «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ተቀመጪ» አሉኝ። እኔም ተቀመጥኩ፤ ለምን እንደተቀመጥኩ እስከ ዛሬ አላውቀውም።

እዚያው ሆስፒታል ስወልድ ከተሰጠኝ ካርድ ላይ ቁጥሩን አንብበው ደወሉ። ድንገተኛ ክፍል በዚህ ስም የገባ ሰው የለም ተባሉ። «ገና አልመዘገቡት ይሆናል» ብዬ አለቀስኩ። «ይሆናል» አሉ። አልዋሹኝም። ቀጥለው ባሌ የሚሠራበት ድርጅት ስምሪት ክፍል ደወሉ፤ መስመሩ ተይዟል። ደገሙት፤ አሁንም ተይዟል። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው እንደገና ደወሉ።

በመጨረሻ የስምሪት ኃላፊው አነሳ። «እሱማ እዚሁ ግቢ ጎማ እየቀየረ ነው» አለ። ተጠራ። «እማዬ፣ ምን ሆናችሁ?» የሚለውን የባሌን ድምፅ ስሰማ ጃኬቱን ፊቴ ላይ ደፍቼ አለቀስኩ።

ለካ ጠዋት አንድ ሰው ደውሎ «ከስልክ ድርጅት ነው፤ መስመር እየጠገንን ስለሆነ ለጥቂት ሰዓት ስልክህን አጥፋው» ብሎታል። ሌላ ሰው ቢሆን «ምን አገባህ?» ብሎ ይዘጋው ነበር። የኦፕሬተር ልጅ ግን የስልክ ሠራተኛ ቃል እንደ እናት ቃል ነው ተብሎ ያደገ ነውና «እሺ ጌታዬ» ብሎ አጠፋ። ስሙንም፣ ቀዩን መኪናም፣ የእኔን ቁጥርም አጭበርባሪዎቹ ያገኙት ከእሱው ነው። ደንበኛ ላምጣላት ብሎ ፎቶአችንን ከነመኪናው፣ ከነስልክ ቁጥራችን ኢንተርኔት ላይ ለጥፎት ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን ቤቱን ቀውጢ አደርገው ነበር።

ቀና ስል አማቴ ጫማቸውን ያደርጋሉ። «ወዴት ነው? ድምፁን ሰሙት እኮ» አልኳቸው።

«ድምፅማ ዕድሜዬን ሙሉ ስሰማ ኖሬያለሁ» አሉ። «ዐይኔ ይየው።»

አብሬያቸው ወጣሁ። አውቶቡስ ውስጥ የከነከነኝን አወጣሁት። «እማማ፣ እውነት ቢሆን ኖሮስ?»

መስኮቱን እያዩ መለሱልኝ። «ለውሸታም የምንልከው ልጄን አያድንልኝም ብዬ ነው የዘጋሁት። እውነት ከነበረ ግን የገደልኩት እኔ ነኝ። አንቺም ዕድሜ ልክሽን ዐይንሽን አታሳዪኝም ነበር። ይህን ሁሉ አውቄ ነው የዘጋሁት።»

ሆዳቸው ድንጋይ ነው ብዬ ነበር እኮ። ሁለታችንም እኩል ፈርተናል፤ እኔ እየፈራሁ ጮኽኩ፣ እሳቸው እየፈሩ ደወሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንደ እሳቸው ጀግና አላየሁም፤ ማንም ይስማኝ።

ግቢው ስንደርስ ባሌ እጁ ግራሶ ተለቅልቆ ከመኪናው ሥር ወጣ። አማቴ ጠጋ አሉት። ፊቱን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ግንባሩን፣ ትከሻውን፣ ክንዱን ዳሰሱት። ከዚያ ደረቱ ላይ ተደፍተው ሠራተኛው ሁሉ እስኪዞር ድረስ ጮክ ብለው አለቀሱ። እሱ ግራ ገብቶት «እማዬ፣ ምንም አልሆንኩም እኮ» ሊል አፉን ከፈተ።

«ዝም በል» አልኩት። «ያልቅሱ።»