ሦስት ሽማግሌዎች አንቀመጥም ያሉበት ቢሮ

እኔ ከላምበረት ደሴ ሃያ ስምንት ዓመት አውቶቡስ የነዳሁ ሰው ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሰፈሩን ሰው አስታርቃለሁ። ባልና ሚስት፣ ወንድማማች፣ አከራይና ተከራይ፣ ያላስታረቅሁት የለም። የሚሰድበኝ አላጣሁም፤ እምቢ ብሎኝ የቀረ ግን የለም። ስለዚህ ጎረቤቴ ከይሪያ ስልኳን ይዛ እያለቀሰች ስትመጣ "ማን ነው የበደለሽ?" አልኩና ኮቴን አነሳሁ።

"ደጃፍ ነው፣ ጋሼ ይማም።"

ደጃፍ ሰው አይደለም። ሰው በስልኩ ዕቃ የሚገዛበት መተግበሪያ ነው። ከይሪያ የልጆች ቀሚስ እየሰፋች የምትሸጠው እዚያ ላይ ነው። ለዒድ ሰማንያ ቀሚስ ሰፍታ ጨርሳለች፤ ዒድ ሊደርስ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል፤ ሱቋ ግን ከስልኩ ላይ ጠፋ። "ደንብ በመጣስዎ ሱቅዎ ታግዷል" ይላል። የትኛውን ደንብ? እሱን አይናገርም።

"ሕግ ሊወጣ ነው ይላሉ" አለች እንባዋን እየጠረገች። "ሻጭ ሲያግዱ ምክንያቱን ይንገሩ፣ አቤቱታውንም ሰው ይየው የሚል። በሚቀጥለው ወር ወረዳው አዳራሽ ረቂቁ ላይ ውይይት አለ።"

በሚቀጥለው ወር! ረቂቅ ሕግ ማለት መናኸሪያ ቆሞ ጥሩምባ የሚነፋ አውቶቡስ ነው፤ አሁን ይነሳል ይሉሃል፣ አይነሳም። ዒድ ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም። ስለዚህ እንደ ወጉ ሦስት ሆነን ሄድን፦ እኔ፣ ካራ ሰፈር ቀለም የሚሸጠው አቶ ሕዝቅኤልና ጡረተኛው መምህር ሕሩይ። ከይሪያ ከኋላ ተከተለችን።

ቢሮው ቀበና ነው፣ አራተኛ ፎቅ። እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ "ቅሬታ በስልክ ነው የምንቀበለው፤ ሀሴትን ጠይቋት" አለችን። ሀሴት ለካ መልስ የምትጽፍ ማሽን ናት። ሽምግልና በሰላምታ ይጀመራልና፣ መምህር ሕሩይ መነጽራቸውን አድርገው በከይሪያ ስልክ ጻፉላት፦ "እንደምን አደርሽ ልጃችን፤ ቤተሰብ ደህና ነው?"

"ይቅርታ፣ ጥያቄዎን አልተረዳሁም። ለክፍያ አንድን፣ ለማድረስ ሁለትን ይጫኑ።"

"የማን ልጅ ነሽ?" ብለው ደገሙላት መምህር።

"ለክፍያ አንድን ይጫኑ።"

"አሳዳጊ የበደላት!" አለ ሕዝቅኤል።

ስልኩን ዘግተን ወደምናውቀው ተመለስን። እንግዳ ተቀባይዋ "ተቀመጡ አባቶቼ" ስትለን "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አልኳት። ሽማግሌ እንዲህ ነው፤ ልጅ ለልጅ ሊጠይቅ የሄደም ቢሆን መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም። ውሃ አመጣች፤ አልነካነውም። ምስኪን ልጅ፣ ሽማግሌ ቆሞ እሷ እንዴት ትቀመጥ? ቆመች። ከመስታወቱ ወዲያ ያሉት ልጆችም አዩን። መጀመሪያ አንዷ ተነሳች፣ ቀጥሎ ሁለት ወንዶች። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ቢሮው በሙሉ ቆመ። አንደኛው ላፕቶፑን እንደ ትሪ በክንዱ ይዞ በአንድ ጣቱ ይጽፍ ነበር። ጉልበቴ አለቀ። ሕዝቅኤል "በርታ እንጂ!" ይለኛል፣ የራሱ ጉልበት ደህና ስለሆነ።

አንድ ሰዓት ተኩል ቆይቶ ክብረት የሚባል ወጣት ሥራ አስኪያጅ እየሮጠ መጣ። "አባቶቼ፣ በፈጠራችሁ ተቀመጡ! ሥራ እኮ የሚሠራ ጠፋ!"

"ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" አልኩት። "ይቺ ልጅ ምን አጠፋች?"

"እኔም አላውቅም። ብሎክ የሚያደርገው ሲስተሙ ነው።" ኮምፒውተር ከፍቶ ፈለገ፣ ፈለገ። ከዚያ ፊቱ ቀላ። "ደንበኞችሽ... አመስግነውሻል።"

የሆነው ይህ ነው። ከይሪያ አንድ ቀሚስ ለገዛ ሁሉ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የፀጉር ማሰሪያ ሰፍታ ትመርቃለች። ደንበኞቿም "አንድ ገዝቼ ሁለት ዕቃ ደረሰኝ፣ ተባረኪ" ብለው ጻፉ። ማሽኑ ምርቃት የሚባል ነገር ከየት ያውቃል? ሁለተኛውን ዕቃ ከደጃፍ ተደብቃ የሸጠችው አድርጎ ያዘው። አርባ ሰው አመስግኗት አርባ ጊዜ ተከሰሰች።

"ምርቃቱን ብትተዪውስ?" አላት ክብረት።

"ያለ ምርቃት ሸጬ በምን ዓይኔ ሰው አያለሁ?"

"እሺ፣ 'ቀሚስ ከነማሰሪያው' ብለሽ አስመዝግቢያ።"

"ተጽፎ የሚሰጥማ ዕዳ እንጂ ምን ምርቃት ነው!"

መምህር ሕሩይ ስለ ሰማንያው ቀሚስ ለመኗት። በመጨረሻ እሺ አለች፤ "ሌላ ነገር እጨምርበታለሁ" ብላም አጉተመተመች። እኛ አልሰማንም።

ሱቁ ተከፈተ። ያኔ ተቀመጥን፣ ውሃውንም ጠጣን። የእርቅ ወግ ግን ይቀረን ነበር፤ የበደለ ይቅርታ ይጠይቃል።

"ማን ይጠይቃት?" አልኩ።

ክብረት ኮምፒውተሩን አየ። ግራ ቀኙን አየ። ከዚያ ብድግ ብሎ ወደ ከይሪያ ዞረና "ይቅርታ፣ እህቴ" አለ። እሱ ያላጠፋውን ከልቡ ነበር የጠየቀው። አንጀቴን በላኝ።

እስከ ሊፍቱ ሸኘን። በሩ ሲከፈት ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ጋሼ፣ ያ የረቂቁ ውይይት" አለኝ፣ "እባክዎ ይሂዱና ይናገሩ። አቤቱታን ሰው ይየው ይበሉ። ዛሬ የከፈትኩላት ሥልጣን ኖሮኝ አይደለም። ነገ ሲስተሙ ማን እንደከፈተው ያያል።"

"አንተ ራስህ መጥተህ ለምን አትናገርም?"

"ኧረ ጋሼ! ስሜንም እንዳያነሱብኝ!"

ሕዝቅኤል አንድ እግሩን ሊፍቱ ውስጥ አስገብቶ ዞረ። "ሲስተሙ አንተን ያገደህ ቀንስ፣ ልጄ፣ የት ሄደን እንቁምልህ?"

ክብረት ሊስቅ ጀመረና ተወው። ሊፍቱ ሲዘጋ ወደ ኮምፒውተሩ እየተጣደፈ ሲመለስ አየሁት።