ሦስት ጊዜ የተለቀቀ ሱሪ

ባልየው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ነድቷል። በዚህ ሁሉ ዘመን ሰው አልገጨም፣ መብራት አልጣሰም፣ እየሮጠ የመጣ ተሳፋሪ ላይ በር አልዘጋም። አጠፋ ከተባለ ያጠፋው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቦርጭ አወጣ። ቦርጩም እንደ ትጉህ ሠራተኛ በየዓመቱ እድገት እያገኘ መጥቶ መሪው ላይ ደረሰ። ባልደረቦቹ «ኤርባግ» ይሉታል። ቢጋጭ እንኳ ምንም አይነካውም፣ ቀድሞ የተነፋ አለው ማለታቸው ነው። እሱም አብሯቸው ይስቃል፤ ምን ያድርግ?

ሳቁ የቆመው መሥሪያ ቤቱ አዲስ ደንብ ያወጣ ዕለት ነው። ሹፌር ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ሲቀመጥ፣ በሆዱና በመሪው መካከል አንድ የተጨበጠ እጅ ማለፍ አለበት ተባለ። ያላለፈለት ቁልፉን አስረክቦ ዕቃ ግምጃ ቤት ይገባል። ወንበሩን ወደ ኋላ እንዳይገፋ፣ እግሩ አጭር ስለሆነ ፔዳሉ ይርቀዋል። ግምጃ ቤቱ ደግሞ ምድር ቤት ነው፣ መስኮት የለውም፣ ሥራው ቀኑን ሙሉ በጎማ ክምር መሃል ተቀምጦ መዋል ነው። ይህ ሰው ሻወር የሚወስደው እንኳ በሩን ገርበብ አድርጎ ነው። ሊፍት አይገባም፤ ስድስተኛ ፎቅ ቢጠሩት በእግሩ ይወጣል፣ ወይም አይሄድም። ዝግ ቤት ሲያይ ላብ ያጠምቀዋል። ፈተናው ከሦስት ወር በኋላ እንዲሆን ተወሰነ።

የዚያኑ ሰሞን የመሥሪያ ቤቱ ነርስ ሹፌሮቹን አሰልፋ ወገባቸውን ለካች። እሱ ጋ ስትደርስ «መቶ አሥራ ዘጠኝ» ብላ በታላቅ ድምፅ አነበበች። ከሰልፉ ኋላ አንዱ «የማን ታርጋ ነው?» አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሜትር የሚባል ነገር ወገቡን እንዳይነካው ማለ። ሚዛንም አልወጣም አለ፣ ሚዛን አጥንትና ጡንቻ ሳይለይ ይደምራል ብሎ። «የኔ ሚዛን ሱሪዬ ነው» አለ ለሚስቱ። ቀበቶማ ሆዱን ስለሚቆርጠው ከተወው ዘመን ሆኖታል።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ከሚኖሩበት ፎቅ ሥር፣ ከአንድ አልጋ ብዙም በማይሰፋ ሱቅ ውስጥ፣ የሰውን ወገብ ስታጠብና ስትለቅ ትውላለች። ማን እንደወፈረ፣ ማን እንደከሳ፣ ማን ወፍሮ ከስቻለሁ እንደሚል ከሐኪም ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት።

ባልየው ሥራዬ ብሎ ተነሳ። ስኳር ተወ፣ ዳቦ ተወ፣ የተጠበሰ ነገር ተወ። ጎመንና የተቀቀለ እንቁላል ሲበላ እሷም ብቻውን እንዳይከፋው አብራው ጎመን በላች። ጠዋት ጠዋት ገመድ ሲዘል፣ የታች ቤቱ ጎረቤት ኮርኒሱን በመጥረጊያ እንጨት መደብደብ ጀመረ። ያን ጊዜ ገመዱን ትቶ ደረጃ መውጣትና መውረድ ያዘ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነ። ፊቱ ከሳ፣ ጉንጩ ጎደጎደ፣ ቦርጩ ግን ንቅንቅ አላለም። ድግስ ሲደገስ መጀመሪያ ገብቶ መጨረሻ የሚወጣ ዘመድ ይመስል እዚያው ተቀምጧል።

በአራተኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት የደንብ ልብሱን ሱሪ ለመቆለፍ ሲታገል አየችው። ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ቆለፈው፣ ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ተይው እሜቴ» አላት። «ይሄ ነገር ከኔ ጋ የተወለደ ነው። ምድር ቤቴን እገባለሁ።»

አንጀቷን በላው። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚያች ደቂቃ ነው። በነጋታው ለለውጥ ያለውን ሁለተኛውን ሱሪ ሱቋ ይዛ ወረደች። የደንብ ሱሪ የኋላ ስፌቱ ውስጥ ሦስት ጣት ያህል ትርፍ ጨርቅ ይተውለታል፤ ሰው ይወፍራል ተብሎ ይታሰባልና። ስፌቱን ተረተረች፣ አንድ ጣት ለቀቀች፣ በዚያው ቀለም ክር መልሳ ሰፋችው፣ ካውያ አሳረፈችበት። ማታ ሌላኛውንም እንዲሁ አደረገች።

በማግስቱ ሱሪው ያለ ትግል ተቆለፈ። ባልየው ሁለት ጊዜ ፈትቶ ሁለት ጊዜ ቆለፈው።

«ነይ እስቲ እይው» አላት። «ቦርጬ ሰማኝ መሰለኝ።»

እሷም «ሰምቶሃል» አለች። ደስታውን ስታይ ደግ የሠራች መሰላት። በእርግጥም ለአሥር ቀን ያህል ደግ ነበር። ተስፋ ያገኘ ሰው ጉልበቱ ሌላ ነው፤ ደረጃውን እያፏጨ ይወጣ ጀመር። ከዚያ ግን ተስፋው ጠገበ። «አንዲት ዳቦ ምን ታደርጋለች?» አለ። ዳቦዋ ብቻዋን አይሆንላትም፣ ቅቤ ጠራች፤ ቅቤው ሻይ ጠራ፤ ሻዩ ስኳር ጠራ። በስድስተኛው ሳምንት ሱሪው መልሶ ሲይዘው «ያ የዱቄት ሳሙና አኮማትሮታል» ብሎ ሳሙናውን ረገመ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ የለ? እሷ ያን ጊዜ መናገር ነበረባት። አልተናገረችም። ሁለተኛውን ጣት ለቀቀች።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። ይህን የተናገረ ሰው ውሸቱን አውልቆ ጥሎ የሚሄድበት መንገድ የነበረው ሰው መሆን አለበት። የእሷን ውሸት ግን ባሏ በየቀኑ ጠዋት ለብሶት ይወጣል፣ ማታ ለብሶት ይገባል። ብትነግረው ልቡ ይሰበራል፤ ባትነግረው ፈተናው ላይ ይወድቃል። ሱቋ ውስጥ ተቀምጣ የስፌት መኪናውን ስትረግጥ፣ አራቱ ግድግዳ ወደ እሷ የሚጠጋ ይመስላት ጀመር። ዝግ ቤት የሚፈራው ባሏ ነበር፤ አሁን ትንፋሽ ያጠራት እሷን ነው።

በስምንተኛው ሳምንት ሦስተኛውን ጣት ለቀቀች። ትርፉ ጨርቅ አለቀ። ከዚህ በኋላ የሚለቀቅ ነገር አልነበረም፣ ፈተናው ሊደርስ ደግሞ ሃያ ስድስት ቀን ቀርቶታል።

እሁድ ጠዋት ሱሪውን ገልብጣ ጭኑ ላይ ዘረጋችለት። ምንም አላስተባበለችም፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረችው። ከአዲሱ ስፌት ጎን የድሮው መርፌ የበሳቸው ቀዳዳዎች በሦስት መስመር ይታያሉ። ባልየው በጣቱ እየዳበሰ ሄደ።

«ስንቴ ነው?»

«ሦስቴ።»

«ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም። ከፍቶህ ሳይህ አልቻልኩም።»

ቢጮህባት በወደደች። ሱሪውን አጥፎ ሰጣትና «ወደ ነበረበት መልሺው» አላት። ከዚያ ደግሞ ያን የማለበትን ሜትር አምጪው አለ። ለካችው፤ መቶ ሃያ አንድ።

በሃያ ስድስቱ ቀን ያየችው ሰው የምታውቀው ባሏ አልነበረም። ሱሪው እንደ ቀድሞው ሲጠብ አልቆለፍ አለ፤ በመርፌ ቁልፍ አያይዞ፣ ሸሚዙን ከላይ ጥሎ ሥራ ሄደ። ወደ ሥራ የሚሄደውም በእግሩ ሆነ፣ የአንድ ሰዓት መንገድ። ከሰሃኑ ግማሹን በልቶ ግማሹን ወደ እሷ ይገፋል። ስለ ሱሪው አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ቅዳሜ ቅዳሜ ትለካዋለች፤ ቁጥሩ ወረደ፣ ደግሞ ወረደ። መርፌ ቁልፉ ቀረ። ወገቡ መቶ አሥራ አምስት ገባ። ይደርሳል ብላ ማመን ጀመረች፣ ለማንም ሳትናገር።

የፈተናው ቀን አብራው ሄደች። አውቶቡሱ በሩን ከፍቶ ጋራዡ መሃል ቆሟል፤ እሷ ከበሩ ሥር ሆና ታያለች። ባልየው ተቀመጠ፣ እግሩን ፔዳሉ ላይ አደረገ። የስምሪት ኃላፊው እጁን ጨብጦ በመሪውና በሆዱ መካከል አስገባ። አንጓው ላይ ያዘው።

«ሆድህን አትሳበው፤ ተንፍስ» አለው።

ተነፈሰ። እጁ እንደገና ገባ፣ እንደገና እዚያው ያዘ። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሦስተኛ ሞከረ።

«ሁለት ጣት» አለ በመጨረሻ። «ሁለት ጣት ብቻ ጎደለህ።»

ነርሷ መዝገቧን አገላብጣ ራሷን ነቀነቀች። «ተጨማሪ አንድ ወር ቢኖርህ እኮ ታልፍ ነበር። የሚቀጥለው ፈተና የዛሬ ዓመት ነው። ምነው ቀደም ብለህ ብትጀምር?»

ሚስትየው ልትናገር አንድ እግሯን የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ አወጣች። ባልየው ወደ እሷ ዞር አላለም።

«ሰነፍኩ» አለ። ቁልፉን ኃላፊው መዳፍ ላይ አስቀመጠና ወረደ።

ከሰኞ እስከ ዓርብ ምድር ቤት ዋለ። ማታ ሲመጣ ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቆ ነው፤ ገና ጫማውን ሳያወልቅ የቤቱን መስኮት ሁሉ ይከፍታል። አልወቀሳትም። አልተኮሳተረባትም። «ጎመኑ ጥሩ ነው» ይላታል። ይህ ደግነት አጥንቷ ድረስ ገብቶ ይወጋታል፤ ከሚሰድባት ጋር ብትጣላ ይሻላት ነበር።

እሁድ ታላቅ እህቱ ለምሳ መጣች። እሱ እትዬ ይላታል፣ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ይላታል፤ ያሳደገችው እሷ ናትና ስትናገር አትመርጥም።

«እኔ አንተን አጣሁህ?» አለችው ገና ማንኪያ ሳታነሳ። «ከልጅነትህ ጀምሮ የጀመርከውን ጨርሰህ አታውቅም። ሦስት ወር ሙሉ ምን ስትሠራ ነበር? ይቺ ልጅ አብራህ ስትራብ፣ ስትቀቅልልህ፣ አታፍርም?»

«ልክ ነሽ እትዬ» አለ ባልየው።

«ልክ ነኝ እንጂ። እንደሷ ያለች ሚስት ለሌላው ቢሰጡት የት በደረሰ።»

ሚስትየው ሰሃኗን ወደ ጎን አደረገች። «እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «ሱሪውን በስውር እየለቀቅኩ ከስቻለሁ አስባልኩት። ሦስት ጊዜ። አንድ ወር ሙሉ የበላሁበት እኔ ነኝ።»

የእትዬ ዓይን እንባ አቀረረ፣ ከጠረጴዛው ማዶ እጇን ዘርግታ የሚስትየውን እጅ ያዘች።

«አየህ?» አለችው ወንድሟን። «የአንተን ስንፍና እንኳ ልትሸከምልህ ነው። ልብስ ሰፊ ሆና ሱሪ ለቀቅኩ አለች፤ ሌላ ምን ምክንያት ታምጣ፣ የኔ የዋህ።»

«እውነቴን ነው እኮ። አንተ፣ ንገራት እንጂ።»

ባልየው አላምጦ እስኪውጥ ጠበቁት። ሚስቱን አያት፤ ከእሁዱ ጠዋት ወዲህ ፊት ለፊት ሲያያት የመጀመሪያው ነበር።

«እሷ እንዲህ ናት፣ እትዬ» አለ።

ይቅርታ ይሁን ቅጣት መለየት አቃታት። ወንድምና እህት ወደ ምግባቸው ተመለሱ። እትዬ በግራ እጇ እየበላች በቀኟ የሚስትየውን እጅ እንደያዘች ነበር፣ ለመልቀቅም አላሰበችም።