የድግስ ኑድል

ማልሱን ፎ የሚባለው የቬትናም የኑድል ሾርባ በሚሸጥበት በዚህ ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች፤ እንደ እንግዳ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ግን የዛሬው የመጀመሪያዋ ነው። ወጥ ቤቱን ዓይኗን ጨፍና ታውቀዋለች። ወንበሩ ግን እሾህ የተነጠፈበት ይመስል አላስቀምጥ አላት። አሥር ደቂቃ ሳይሞላት ሦስት ጊዜ ተነሥታለች፤ አንዴ ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ የፈሰሰ መረቅ ልትጠርግ፣ አንዴ የበርበሬ ድልህ ጠርሙሶቹን ልታስተካክል፣ አንዴ ደግሞ ለምን እንደተነሣች ለራሷም ሳይገባት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ያንን ጨርቅ ልቀቂ!» አለቻት ሉዬን ከገንዘብ መቀበያው ጀርባ። ሉዬን የባለቤቱ የኪየም ታላቅ እህት ናት። ዕድሜዋ ስልሳ ስምንት ደርሷል፤ ምላሷ ግን ገና አላረጀም። «ዛሬ እንግዳ ነሽ። እንግዳ ጠረጴዛ ሲወለውል የት አገር አይተሻል?»

«ቆሽሿል እኮ።»

«ይቆሽሽ! ልጅሽ ከሲያትል የመጣው ጠረጴዛ ሊያይ አይደለም።»

ጭንቁም ይኸው ልጁ ነበር። ኪቴ ለሥራ ሎስ አንጀለስ መጥቶ፣ ማታ በአውሮፕላን ከመመለሱ በፊት ከእናቱ ጋር ምሳ ሊበላ ወደ ጋርደን ግሮቭ እየነዳ ነው። እሷም በዚህ ምሳ ላይ አንድ ነገር ልትነግረው ግድ ነው። በሚመጣው ሐሙስ ኪየምን ልታገባ ነው። አምስት ወር ሙሉ በየእሑዱ ስልክ ሲደውልላት ልትነግረው አፏን ከፍታለች፤ በየእሑዱም ስለ አየሩ፣ ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ጎረቤት ውሻ አውርታ ዘግታለች።

«ልጄ እሺ ካላለ ቀርቷል» ብላዋለች ኪየምን፤ ያለችውም ለወግ አልነበረም። ባሏ ቹንሆ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ከቹንሆ የተረፋት ኪቴ ብቻ ነው፤ እሱን አስከፍታ የምታገኘው ደስታ ጉሮሮዋን እንደማያልፍ ራሷን ታውቃለች። ኪየምም «እስክትነግሪው ድረስ አንዲት ቃል ከአፌ ብትወጣ ምላሴን ቁረጪው» ብሎ ምሎላታል። ይኸው አሁን ከወጥ ቤቱ መጋረጃ ኋላ ለነገ መረቅ ዝንጅብልና ሽንኩርት በእሳት እየለበለበ፣ በየደቂቃው አንገቱን አስግጎ ያያታል። የስልሳ አራት ዓመት ሰው እንደ ተማሪ የፈተና ውጤት ይጠብቃል።

ኪቴ ገባ። ረጅም ነው፤ ትከሻው እንደ አባቱ ወደ ፊት ጎበጥ ያለ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ጎርፍና እሳት ያበላሸውን ቤት እየዞረ ለኢንሹራንስ ይገምታል፤ ስለዚህ የትም ሲገባ መጀመሪያ ጣሪያውን ነው የሚያየው። ዛሬም ጣሪያውን አየና እናቱን ጎንበስ ብሎ ሰላም አለ።

«ከስተሻል።»

«አንተ ነህ የከሳኸው። ቁጭ በል፣ ቁጭ በል» አለችና እሷ ተነሣች።

ሉዬን ለትእዛዝ መጣች። ይህ ቤት ድሮ ንጹሕ የቬትናም ፎ ቤት ነበር። ማልሱን ሳህን ልታጥብ ተቀጥራ በገባች በሁለተኛው ሳምንት፣ ኪየም ከምሳ ዕቃዋ ላይ ኪምቺ፣ የአገሯን የኮሪያን በበርበሬ የቦካ ጎመን፣ ሰርቆ ቀመሰ፤ ከዚያ ወዲያ ነው ነገሩ የተበላሸው፣ ወይም የተስተካከለው። የጥጉ ጠረጴዛ ሽማግሌዎች በመጀመሪያው ሰሞን «ይሄ ፎ ነው ወይስ ጦርነት?» ብለው አጉረምርመው ነበር። ዛሬ ኪምቺ የገባበት ፎ ካልቀረበላቸው እነሱ ራሳቸው ጦርነት ያነሣሉ።

«ለኔ የኪምቺውን ፎ» አለች ማልሱን። «ለሱ የጎድን ጥብስ ያለበትን ኑድል።»

«እሱ አፍ የለውም?» አለች ሉዬን። «ልጄ፣ እናትህ ወጥ ቤት ውስጥም እንዲሁ ናት። መረቁን ሳይቀር ታዘዋለች።» ስትሄድ ማልሱንን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። ንገሪው እንግዲህ፣ ማለቷ ነው።

ማልሱን የመብያ እንጨቶቹን ከመያዣው አወጣች፤ አስተካከለች፤ መልሳ ከተተች። «ኪቴ፣ ስማኝማ...»

«እኔ ልቅደም» አለ ኪቴ። ፊቱ በርቷል፤ እንዲህ በርቶ ካየችው ቆይታለች። ጠረጴዛው ላይ ያለ እጇን ያዘ። «እማዬ፣ ቤቴ ውስጥ ያዘጋጀሁልሽ ክፍል አልቋል። በስተምሥራቅ ያለው። ቀለሙን ራሴ ቀባሁት፤ ለኪምቺ ማሰሮሽም ጓሮ ቦታ አለ። ለአባዬ ፎቶ መደርደሪያ ሠርቼለታለሁ፣ በገዛ እጄ፣ ትንሽ ጠምሟል ግን ይይዛል። እስከ መቼ ሰው ሳህን ስታጥቢ ትኖሪያለሽ? ነይ፣ አብረን እንኑር።»

ማልሱን ለዚህ አልተዘጋጀችም ነበር። ቁጣ ቢሆን ትችለዋለች፤ ቹንሆ ሠላሳ አራት ዓመት ሲቆጣ ኖሯል። በእጁ ቀለም ቀብቶ፣ ጠማማ መደርደሪያ ሠርቶ የሚጠብቅን ልጅ ግን ምን ይሉታል?

«የባቄላ ቡቃያው ዛሬ ትኩስ ነው» አለች።

«ምን?»

«ቡቃያው። ውኃ ላምጣልህ።»

«ተቀመጪ እንጂ እማዬ! ሥራ ላይ ነሽ እንዴ?»

ተቀመጠች። አሁን እነግረዋለሁ፤ መረቁን አንዴ ፉት ሲል፤ አይ፣ ሥጋውን ሲጨርስ፤ ሰው ሲጠግብ ልቡ ይሰፋል። እንዲህ እያለች ጊዜውን ስትገፋ፣ መጋረጃው ተገለጠና ሉዬን ሁለት ሳህን ይዛ መጣች።

ያዘዙት አልነበረም። ጥርት ያለ የደረቅ ዓሣ መረቅ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነጭ የስንዴ ኑድል፣ ከላዩ በቀጭኑ የተቆረጠ ቢጫ እንቁላልና አረንጓዴ ዝኩኒ። ቀይ ነገር የሚባል አልነካውም።

ማልሱን ሳህኑን ስታይ ወዲያው አወቀችው። በአገሯ ሰው ሲያገባ ለእድምተኛ የሚቀርበው ይህ ነው። ላላገባ ሰውም «ኑድሉን መቼ ነው የምታበላን?» እያሉ መነዝነዝ የአገሩ ወግ ነው። ቹንሆ ልጁን በዚህች ጥያቄ አሥር ዓመት ነዝንዞታል፤ የሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ እንኳ የኦክስጅን ጭምብሉን አንሥቶ ጠይቆታል። ኪቴም «በሚቀጥለው ዓመት፣ አባዬ» ይል ነበር። የሚቀጥለው ዓመት ሲመጣ ቹንሆ አልነበረም።

ኪየም ከሁለት ወር በፊት «በእናንተ አገር ለሠርግ ምን ይበላል?» ብሎ ጠይቋት አስተምራዋለች። ዛሬ ደግሞ በመጋረጃው ቀዳዳ ኪቴ የእናቱን እጅ ይዞ ሲስቅ አየ። በቃ፣ ነገረችው፣ እሱም እሺ አለ፤ ኪየም የደረሰበት መደምደሚያ ይህ ነበር። የታዘዘውን ፎ ትቶ፣ ለደስታው ቀን ብሎ ያዘጋጀውን ኑድል ቀቀለ። ቃሉንም አላጠፈም፤ ከአፉ አንዲት ቃል አልወጣችም።

ኪቴ ሳህኑን አየ። እናቱን አየ። «እማዬ፣ ማነው የሚያገባው?»

የፈሩት ይደርሳል ይሉ የለ። «እኔ» አለች።

«ማንን?»

መልስ አላስፈለገውም። የኪየም ራስ በመጋረጃው መሐል ብቅ ብሎ ነበር፤ ፈገግ ብሎ፣ ላቡ እየወረደ።

«እኚህን?» ኪቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተነሣ። የጥጉ ሽማግሌዎች ኑድላቸውን አየር ላይ እንዳንጠለጠሉ ቀሩ። «አባቴስ? በሙት ዓመቱ ምግብ ማነው የሚያቀርብለት? እኔ እዚያ መደርደሪያ ስሠራ፣ አንቺ እዚህ...» ጃኬቱን አነሣና ወደ በሩ ሄደ። ማልሱን ልትነሣ ፈለገች፤ ቀኑን ሙሉ ያላረፈ እግሯ አሁን እምቢ አላት።

ኪቴ ግን ከበሩ አላለፈም። ከገንዘብ መቀበያው በላይ፣ በሩ አጠገብ፣ ኪየም የሟች ሚስቱን ፎቶ ያኖረበት መደርደሪያ አለ። ብርቱካን፣ ቀይ አምፖል፣ ሁለት ስኒ ውኃ። ከሴትዮዋ ፎቶ ጎን ደግሞ ቹንሆ አለ፤ የዓሣ ማጥመጃ ኮፍያውን ደፍቶ፣ ፀሐይ እያጭበረበረው። ከፊቱ ሙሉ ሳህን ቀርቦለታል፤ ከላዩ ቅባት የተንሳፈፈበት፣ ደም የመሰለ የኪምቺ ፎ።

«አባቴን እዚህ ማን አመጣው?» አለ ኪቴ። ቆይቶም፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ይሄን ቀይ ነገር ማን አስቀመጠለት?»

ኪየም እጁን ሽርጡ ላይ እየጠረገ ወጣ። «እኔ ነኝ ልጄ። ጨረቃ በሞላች ቁጥርና በወሩ መባቻ። የሚወደውን ማልሱንን ጠየቅኋት። ኪምቺ፣ እንደ እሳት የሚያቃጥል፣ አለችኝ። ሦስት ዓመቴ ነው፤ አንድ ቀን አስታጉዬበት አላውቅም።»

«ለሙታን በርበሬ አይቀርብም!» አለ ኪቴ። «ነፍስ ያባርራል። አንድም ቀይ ነገር አይነካውም፤ ሕፃን ልጅ የሚያውቀው ነው!»

የኪየም ፊት አመድ መሰለ። በእሱ አገር ሙታን የሚቀርብላቸው በሕይወት ሳሉ የወደዱት ነው፤ በርበሬም ይሁን ሲጋራ። «ሦስት ዓመት» አለ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ሰውዬውን በየአሥራ አምስት ቀኑ ሳባርር ነው የኖርኩት?» ወደ ማልሱን ዞረ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

ያኔ ተነሣች። «ምን ልበልህ? ከደንበኛ ሁሉ በፊት፣ ጎህ ሲቀድ፣ ለሱ ስትቀዳ አየሁህ። ሥጋውን መርጠህ። ይሄን የሚያደርግ ሰው እንዴት ተሳስተሃል ይባላል? ደግሞ ቹንሆ በርበሬ የሚያባርረው ቢሆን ኖሮ፣ ሠላሳ አራት ዓመት ከኔ ጋር ባልኖረ!»

ከጥጉ ጠረጴዛ አንዱ ሽማግሌ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ሉዬን በዓይኗ ገረፈችው። ኪቴ አልሳቀም፤ ግን እጁ ከበሩ እጀታ ላይ ወርዷል።

ኪየም በርጩማ ላይ ወጥቶ ቀዩን ሳህን በሁለት እጁ አወረደ። ያወረደውም እያጎነበሰ ነበር፤ ለፎቶው በቬትናምኛ የሆነ ነገር እያለ፤ ይቅርታ እንደሆነ ቋንቋውን ለማያውቅም ያስታውቃል። ከቹንሆ ፊት ባዶ ቦታ ቀረ። ወጥ ቤት ገብቶ የሚያቀርበውን ያስብ ጀመር። ሩዝ? ፍሬ? የሚጠይቀው ሰው እንዳጣ እዚያው ቆመ።

ኪቴ የአባቱን ፎቶ አየ። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ተመልሶ መጣ። ማልሱን የረሳው ነገር ያለ መሰላት። እሱ ግን የራሱን ሳህን፣ ያልተነካውን ነጭ ኑድል፣ በሁለት እጁ አነሣ። መረቁ እንዳይፈስ ቀስ እያለ ተራመደ። መደርደሪያው ላይ ከአባቱ ፊት አስቀመጠው፤ እንጨቶቹንም አጠገቡ አጋደመለት።

«አባዬ» አለ። «ኑድሉን መቼ ነው የምታበላኝ ሲሉኝ ነበር። ይኸው መጥቷል። የኔ አይደለም፤ የእማዬ ነው። ይብሉ።»

ሬስቶራንቱ ወለል ላይ፣ በጎማ ምንጣፉና በዣንጥላ መያዣው መሐል፣ ግንባሩን መሬት አስነክቶ ሁለቴ ሰገደ። ማልሱን አፏን በያዘችው ጨርቅ ሸፈነች። ጨርቁን መቼ እንዳነሣችው አታውቅም። አለቀሰች፤ አልደበቀችውም።

ኪቴ ተመልሶ ሲቀመጥ ዓይኑ ቀልቷል። ከፊቱ ያለውን ባዶ ቦታ አየ፤ የእናቱን ሳህን አየ።

«አሁን እኔ ምን ልበላ ነው?» አለ።

ማልሱን እንደ ልማዷ ብድግ አለች። «ቆይ፣ አሁን አመጣልሃለሁ...»

«ተቀመጪ» አለ ኪቴ፤ ክንዷን ያዛት። «ባልሽ ያመጣልኛል።»

ኪየም ይህን ሲሰማ መጋረጃውን ይዞ ሊገነጥለው ነበር። ማልሱን ቁጭ አለች፤ ወንበሩም አስቀመጣት።