የአቶ ልሳነወርቅ አዲስ ስም

ማክሰኞ ከምሳ በፊት ፍሬሰላም በመሥሪያ ቤቷ የኮምፒውተር ፕሮግራም ውስጥ የአንድ ትዕዛዝ ስም ስትቀይር፣ ከጎኗ የሚቀመጡት አቶ ልሳነወርቅ ስማቸውን አጡ።

ስሞቹን ማስተካከል ታዝዛ የምትሠራው ሥራ ነበር። ፕሮግራሙ ፋይል ያስቀምጣል፤ ሌሎች መሥሪያ ቤቶች የሚገለገሉበት ትዕዛዞቹን በስማቸው እየጠሩ ነው። ስሞቹ ግን ሰው ያሳብዳሉ። «ሰርዝ» የሚባለው ይደብቃል፤ «ደብቅ» የሚባለው ጨርሶ ያጠፋል። አንድ መሥሪያ ቤት የአራት ዓመት ፋይሉን ደበቅሁ ብሎ አጥፍቶታል። አንዱ ትዕዛዝ ደግሞ «ልሳነወርቅ» ይባላል። አቶ ልሳነወርቅ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ሲጽፉት ስም ማውጣት ታክቷቸው የራሳቸውን ሰጡት። የትዕዛዙ ሥራ የጠፋ ፋይል መፈለግ ነው። ፍሬሰላም «የጠፋ ፈልግ» አለችው።

ሰውየው ከምሳ ሲመለሱ መታወቂያቸው «አቶ የጠፋ ፈልግ» ይላል። ባለቤታቸውም ወደ ቢሮ ደውለው «የጠፋ ፈልግ አለ?» ሲሉ ጠየቁ።

ፍሬሰላም ደንግጣ ይቅርታ ጠየቀች። እሳቸው ሻያቸውን እያማሰሉ፣ «ምንም አይደል ልጄ። አሁን ቢያንስ ምን እንደምሠራ ይታወቃል» አሉ።

የድሮውን ስም ልትመልስ ሞከረች። ኮምፒውተሩ ስሙ ተይዟል አላት፤ ማን እንደያዘው አልገለጸም። አለቃቸው ወይዘሮ አፀደማርያም ነገሩን ሰምተው የጠየቁት፣ አዲሱ ስም የፕሮግራሙ መመሪያ ላይ መግባቱን ብቻ ነበር። ገብቷል ሲባሉ ፈረሙ።

ረቡዕ ጠዋት ደረጃው ላይ ሰው ተሰልፎ ተገኘ። ሁሉም በእጁ ፎቶ ይዟል። ከፊት የቆሙት ጠና ያሉ ሴት፣ «የጠፋ ፈልግ እርስዎ ነዎት?» አሉ።

«ነኝ።»

ፎቶውን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው አዩት። «ሦስተኛ ፎቅ ነው ያለው» አሉና ኮታቸውን ለበሱ።

ሕንፃው ሁለት ፎቅ ነው። ይህን የቢሮው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ የተናገረ ግን አልነበረም። እሳቸውም የሴትዮዋን ክንድ ይዘው ደረጃውን ወጡ፤ ሰልፉም ተከተላቸው።

የፍሬሰላም ታናሽ ወንድም ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ከቤት እንደወጣ ከቀረ ስድስት ዓመቱ ነው። ለሥራ ባልደረቦቿ ነግራ አታውቅም። ከቦርሳዋ ጉርድ ፎቶውን አውጥታ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆመች።

ከጣሪያው በላይ በር ሲከፈት ተሰማ። ቀጥሎ ብዙ ኮቴ ደረጃ ይወርድ ጀመር፤ አንዱ ቸኩሎ ሁለት ሁለቱን እየዘለለ።